ካሪቡን ማን ይቈጥራል? ስለ ሰሜን ካናዳ አራዊት አጠባበቅ በተጻፉ ሦስት መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሒስ

በበረት የሚያድር ከብት ቍጥሩ ከባለቤቱ አይሰወርም፤ ማታ ሲገባ ይቈጠራል፥ የጎደለውም ይፈለጋል። በረት የሌለውን፥ እረኛም የማያውቀውን፥ በዓመት ውስጥ ብዙ መቶ ኪሎሜትር የሚጓዘውን የዱር እንስሳ ግን ለመቍጠር የተነሣ ሰው ከብዙ ችግር ላይ ይወድቃል። ችግሩም በሒሳቡ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። ቍጥሩ ከተነገረ በኋላ «የቀነሰው በማን ጥፋት ነው? ከእንግዲህስ ማን አድኖ ይብላ፥ ማንስ ይከልከል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ለዚህም ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የብዙ ሰዎችን ኑሮ የሚለውጥ ይሆናል።

በሰሜን ካናዳ ካሪቡ የሚባለውን እንስሳ ስለ መቍጠርና ስለ መጠበቅ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ሦስቱ ይህን ጥያቄ ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋሉ። አንደኛው ጆን ኬልሶል ስለ ካናዳ ተሰዳጅ ካሪቡ የጻፈውና የካናዳ የዱር አራዊት አገልግሎት በ1968 ያሳተመው ሰፊ ጥናት ነው። ሁለተኛው ፒተር ኩልቺስኪና ፍራንክ ቴስተር በ2007 ያወጡት «ኪዩማጁት» የተባለው ሲሆን፥ ቃሉ በኢኑዊት ቋንቋ መልስ መስጠትን፥ አፍ አውጥቶ መናገርን ያመለክታል። ሦስተኛው ጆን ሳንድሎስ በዚያው በ2007 ያወጣው «በዳር ያሉ አዳኞች» ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው። ሦስቱ መጻሕፍት ስለ አንድ እንስሳ፥ ስለ አንድ አገርና በብዙው ስለ አንድ ዘመን የሚናገሩ ሲሆኑ የሚሰጡት ፍርድ ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

አስቀድሞ ስለ እንስሳው ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። በአማርኛ አጋዘን የሚባለው የአፍሪቃ እንስሳ ቀንዱን የማይጥል ሲሆን፥ ከወንዱ በቀር ሴቲቱ ቀንድ የላትም። ካሪቡ ግን ከሌላ ወገን ነው፤ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል፥ ሴቲቱም እንደ ወንዱ ቀንድ ታወጣለች። በአውሮፓና በእስያ ሰሜን ሬይንዲር የሚባለው፥ ሰውም ያለመደው፥ ከዚሁ ጋራ አንድ ዘር ነው። ካሪቡ የሚለው ስም የተገኘው በምሥራቅ ካናዳ ከሚኖሩት ከሚክማቅ ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜው በረዶ ጫሪ ማለት ነው፤ እንስሳው በክረምቱ በረዶውን በኮቴው እየጫረ ከሥሩ ያለውን ምግብ ስለሚያወጣ ነው። ይህም ምግብ በአገራችን የዛፍ ሽበት ከሚባለው ወገን የሆነ፥ በመሬትና በድንጋይ ላይ እጅግ በዝግታ የሚያድግ ነው። መንጋው ብርዱን በደን ውስጥ ካሳለፈ በኋላ በጸደይ ወደ ሰሜን፥ ዛፍ ወደማይበቅልበት ሜዳ ይወጣል፤ በሰኔ ሴቶቹ በአንድ አካባቢ ተሰብስበው ይወልዳሉ፤ በሐምሌም ከትንኝና ከተናካሽ ዝንብ ለማምለጥ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ይቆማሉ። ቈጣሪዎች እንስሳውን በአንድ ስፍራ ሊያገኙት የሚችሉት በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት ነው።

ከዚህ እንስሳ ጋራ የተሳሰሩት ሕዝቦች ዴኔና ኢኑዊት ናቸው። ሥጋው ምግባቸው፥ ቆዳው የክረምት ልብሳቸውና ድንኳናቸው፥ ጅማቱ የስፌት ክራቸው፥ አጥንቱና ቀንዱ መሣሪያቸው ሆኖ ኖሯል። ከ1921 እስከ 1924 በተደረገው የዴንማርክ የጥናት ጉዞ ውስጥ የነበረው ካይ ቢርከት ስሚዝ በ1929 ያሳተመው ጥናት ከሐድሰን ባሕረ ሰላጤ በስተምዕራብ ያሉትን ኢኑዊት በእንስሳው ስም መጥራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። እንግዲህ ስለ ካሪቡ ቍጥር መናገር ስለ እነዚህ ሰዎች ሕይወት መናገር ነው።

የኬልሶል መጽሐፍ የአንድ ትልቅ የመስክ ሥራ ፍሬ ነው። ስለ እንስሳው ጉዞ፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ በሽታው፥ ስለ ተኩላና ስለ ደን ቃጠሎ በትዕግሥት የተሰበሰበውን ማስረጃ አንድ ላይ በማድረጉ ዛሬም የሚጠቅም ነው። ከዚህ መጽሐፍ በስተጀርባ ያለው የቍጥር ታሪክ ግን በጥንቃቄ መነበብ ይገባዋል። ኧርነስት ቶምሰን ሲተን በ1907 በሰሜን ከተጓዘ በኋላ የካሪቡን ብዛት 30 ሚሊዮን አደረሰው። ክላርክ የተባለው ተመራማሪ በ1940 ባሳተመው ጽሑፍ 3 ሚሊዮን አለ። ባንፊልድ በ1948 እና በ1949 በአይሮፕላን ባደረገው ምርመራ ወደ 670,000 ገደማ አገኘ። በ1955 የተደረገው ቈጠራ ደግሞ ወደ 280,000 ገደማ አወረደው። እነዚህ አራት ቍጥሮች በተከታታይ ሲጻፉ አንድ ዘር ከገደል ሲወድቅ የሚያሳዩ ይመስላሉ፤ በዚያን ጊዜ የነበሩ ባለሥልጣኖችም «የካሪቡ ቀውስ» ብለው የተነሡት ከዚህ ዐይነቱ ንባብ ነው።

ነገር ግን አራቱ ቍጥሮች አንድ ዐይነት አይደሉም። የመጀመሪያው አንድ መንገደኛ በዐይኑ ያየውን በአገሩ ስፋት አባዝቶ ያገኘው ግምት ነው፤ ሁለተኛውም ከግምት ብዙ አልራቀም። ከአየር የተደረጉት ሁለቱ የተሻሉ ቢሆኑም፥ አይሮፕላኑ በጥቂት መሥመሮች ላይ በርሮ በግራና በቀኝ የታየው ተቈጥሮ ላልታየው አገር የተባዛ ነው። መንጋው ከመሥመሩ ውጭ ውሎ ከሆነ ቍጥሩ ይወርዳል፤ ከመሥመሩ በታች ተከማችቶ ከተገኘ ይወጣል። በ1949 እና በ1955 መካከል የታየው ልዩነት ከፊሉ የእንስሳው፥ ከፊሉም የአቈጣጠሩ ሊሆን እንደሚችል ማስተዋል ያስፈልግ ነበር። ኬልሶል ይህን ድካም ፈጽሞ አልሸሸገውም፤ ስለ ቈጠራው ጉድለት በቅንነት ይናገራል። ወደ ፍርዱ ሲደርስ ግን ጥንቃቄው ይላላል፤ ለመቀነሱ ዋናው ምክንያት የሰው አደን ነው ወደሚለው አሳብ ያጋድላል። በመጽሐፉም ውስጥ ዴኔና ኢኑዊት የሚታዩት በአብዛኛው የሚገድሉት እንስሳ በሚደመርበት ሠንጠረዥ ላይ ነው። ስለ እንስሳው ያላቸው ዕውቀት እንደ ማስረጃ አልተመዘነም።

ይህ የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ በአንድ መስመር ማለፍ ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ቍጥሩ ወደ ትእዛዝ ተለውጧል። በሰሜን ማኒቶባ በዳክ ሐይቅ አጠገብ ይኖሩ የነበሩት ሳዪሲ ዴኔ በመጸው ወራት ካሪቡ በሐይቁ መሻገሪያ ሲያልፍ አድነው ሥጋውን ለክረምት ያኖሩ ነበር። የአራዊት ጥበቃ ሹማምንት የወደቁትን እንስሳት ባዩ ጊዜ ያለ ፍሬ የተደረገ እልቂት ነው አሉ፤ ፎቶግራፉም ለዚሁ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። የንግድ ቤቱ መዘጋት ተጨምሮበት ሕዝቡ በ1956 በአይሮፕላን ተነሥቶ በቸርችል ከተማ ዳር ተጣለ። እዚያም በሥራ ማጣት፥ በመጠጥ፥ በእሳት አደጋና በልዩ ልዩ መከራ ከማኅበረሰቡ ሲሶ የሚያህለው እንደ ሞተ ኢላ ቡሲዶርና ኡስቱን ቢልገን ራይናርት በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ ተገልጾ ይገኛል። የካናዳ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2016 ነው። አንዱ ወገን እንደ ጎተራ ያየውን ሌላው ወገን እንደ ጥፋት አየው፤ በጎተራና በጥፋት መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ ባለቤቶቹን መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር።

ኩልቺስኪና ቴስተር፥ ሳንድሎስም የተነሡት ይህን ዐይነቱን ታሪክ ከሥሩ ለመመርመር ነው። ኩልቺስኪና ቴስተር የመንግሥቱን መዛግብት ከኢኑዊት ሽማግሌዎች ቃል ጋራ እያነጻጸሩ፥ «ቀውሱ» የተገነባው በደካማ ቍጥርና ስለ አዳኞች አስቀድሞ በተያዘ አሳብ ላይ እንደ ሆነ ያሳያሉ። የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ኢኑዊት በየመንደሩ ጉባኤ እንዴት መናገር እንደ ጀመሩ፥ አቤቱታም እንዴት እንደ ጻፉ የሚተርክ ስለ ሆነ፥ አንባቢው ሰዎቹን እንደ ተበዳይ ብቻ ሳይሆን እንደ ተከራካሪ ያያቸዋል። ይህ የመጽሐፉ ትልቁ ሀብት ነው።

ሳንድሎስ አድማሱን ያሰፋዋል። ስለ ጫካ ጎሽ፥ ስለ ምስክ በሬና ስለ ካሪቡ በየተራ እየተረከ፥ በ1922 የተቋቋመው የውድ በፈሎ ብሔራዊ ፓርክና በ1927 የተከለለው የቴሎን የአራዊት መጠበቂያ የአገዛዝ መሣሪያ ጭምር እንደ ነበሩ ያስረዳል። ከክርክሩ ሁሉ ጠንካራው፥ የአራዊት ጥበቃው መንፈስ ዱርን በዱርነቱ ከመውደድ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ማሳየቱ ነው። ሹማምንቱ አዳኙን እረኛ ለማድረግ፥ የዱሩንም አገር የከብት አገር ለማድረግ ይመኙ ነበር። ለዚህም ሲባል ከ3,000 የሚበልጥ ለማዳ ሬይንዲር በ1929 መጨረሻ ከአላስካ ተነሥቶ፥ ከጉዞው የተረፈው በ1935 ወደ ማኬንዚ ወንዝ ደለል ተነድቶ ገባ። እረኝነትን የኑሮ ሁሉ መሠረት አድርጎ ለሚያይ አንባቢ ይህ አሳብ መልካም ሊመስለው ይችላል፤ ይሁን እንጂ አዳኝነትም የራሱ ሥርዐት፥ የራሱ ክልክልና የራሱ የዕውቀት ውርስ ያለው ኑሮ መሆኑን ሳንድሎስ ያስገነዝባል።

የሁለቱ መጻሕፍት ክስ በብዙው እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ብርቱ ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ፤ ይኸውም «ቈጣሪው ተሳስቶ ነበር ካልን፥ በእውነቱ ስንት ካሪቡ ነበረ? መንጋው ሲያልቅስ በምን እናውቃለን?» የሚለው ነው። በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ መዝገቡ፥ ሹሙና አዳኙ በግልጽ ሲታዩ እንስሳው ራሱ ከመድረኩ የወጣ ይመስላል። ስለ ቀውስ የሚነገረው ሁሉ የባለሥልጣን ፈጠራ ነው ብሎ መጽሐፉን የሚዘጋ አንባቢ ቢኖር፥ ጸሓፊዎቹ በግልጽ ያላሉት ቢሆንም እንኳ እንዲህ እንዳያስብ የሚያግደው በቂ ነገር አላኖሩለትም።

የታተሙበት ዘመንም ይህን ጉድለት አክብዶታል። በባተርስት ሰርጥ ስም የሚጠራው መንጋ በ1986 ወደ 470,000 ይገመት ነበር። በ2006 ወደ 128,000፥ በ2009 ወደ 32,000፥ በ2018 ወደ 8,200፥ በ2021 ወደ 6,200 ወረደ። የእነዚህ ቈጠራዎች ዘዴ የ1955ቱ አይደለም፤ በመውለጃው ስፍራ ላይ ፎቶግራፍ ይነሣል፥ በሴቶቹም አንገት ላይ በሳተላይት የሚከታተሉት መሣሪያ ታስሮ ቦታቸው አስቀድሞ ይታወቃል። የስሕተቱ ስፋት ምንም ያህል ቢሆን ከ470,000 ወደ 6,200 የወረደውን ሊሸፍን አይችልም። በላብራዶርና በኬቤክ ያለው የጆርጅ ወንዝ መንጋም በ1950ዎቹ ወደ 5,000 ገደማ ብቻ ሲገመት፥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 800,000 ከፍ ብሎ፥ በ2018 እንደ ገና ወደ 5,500 ተመልሷል። በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ያሉት ተሰዳጅ መንጋዎች በሃያ ዓመት ውስጥ ከ5 ሚሊዮን ገደማ ወደ 2.1 ሚሊዮን ገደማ መውረዳቸውን በ2018 የወጣው የአርክቲክ ዓመታዊ ሪፖርት አመልክቷል። ይህ በመዝገብ ቤት ውስጥ የተፈጠረ ቀውስ አይደለም።

እንግዲህ ማን ነው ትክክል? ሁለት ጉዳዮችን ጐን ለጐን ማየት ይጠቅማል። ከሐድሰን ባሕረ ሰላጤ በስተምዕራብ ያለው የቃማኒርጁዋቅ መንጋ በ1980 በተደረገው ቈጠራ ወደ 40,000 ገደማ ብቻ ቀርቷል ተባለ። አዳኞቹ ግን እንስሳው አልጠፋም፥ ሌላ ስፍራ ነው ያለው ብለው ተከራከሩ። በ1982 እና በ1983 የተደረጉት ቈጠራዎች ከዚያ ብዙ እጥፍ የሆነ ቍጥር ሰጡ፤ መወለድ ብቻ በሁለትና በሦስት ዓመት ይህን ያህል ሊያበዛው ስለማይችል፥ የፊተኛው ቈጠራ ብዙ እንዳመለጠው ወይም ከሌላ ስፍራ የመጣ እንስሳ እንደ ተጨመረ ግልጽ ሆነ። በዚሁ በ1982 መንግሥታትና ነባር ሕዝቦች በአንድነት የሚቀመጡበት የቤቨርሊና የቃማኒርጁዋቅ የካሪቡ አስተዳደር ቦርድ ተቋቋመ።

በባተርስት መንጋ ጊዜም የዴኔ ተወካዮች ተመሳሳይ ቃል ተናገሩ። በ2010 መጀመሪያ መንግሥት አደኑን በዘጋ ጊዜ፥ ሕዝቡ ሳይጠየቅ መዘጋቱን ተቃወሙ፤ እንስሳው ወደ ጎረቤት መንጋ ሄዶ ይሆናል የሚሉም ነበሩ። በ2018 መሣሪያ ካሰሩት ሴቶች አንዳንዶቹ በእውነት ወደ ቤቨርሊ መንጋ መውለጃ ሲሻገሩ ታዩ፤ ስለዚህ ቃሉ መሠረት የሌለው አልነበረም። ሆኖም የተሻገሩት የጠፋውን ሁሉ አይተኩም። በአንደኛው ጉዳይ አዳኙ፥ በሁለተኛው በብዙው ቈጣሪው ረትቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንዱን ወገን ለዘለቄታው ዳኛ ማድረግ እንደማይቻል ነው።

በተለይም ዛሬ የሚለወጠው እንስሳው ብቻ ሳይሆን የሚኖርበት አገር በመሆኑ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ኬልሶል የሚመዝናቸው ምክንያቶች አደን፥ ተኩላና ቃጠሎ ናቸው። አሁን ግን በክረምት መካከል ዝናም ይዘንምና በበረዶው ላይ እንደ መስተዋት ይጠጥራል፤ ኮቴ የማይሰብረው ሲሆን እንስሳው ምግቡ ከሥሩ እያለ ይራባል። በሙቀቱ ቍጥቋጦ ወደ ሰሜን ይስፋፋል፤ የተናካሹ ዝንብ ጊዜ ሲረዝም እንስሳው በመብላት ፈንታ በመሸሽ ይውላል። ደኑ ሲቃጠል በዝግታ የሚያድገው የክረምት ምግብ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት አይመለስም። በባተርስት መንጋ አገር ላይ ከ1998 ጀምሮ የአልማዝ ማዕድን ማውጫዎችና መንገዶቻቸው ተጨምረዋል። ቍጥር መንጋው እንደ ቀነሰ ይናገራል፤ ከእነዚህ ሁሉ የትኛው በየትኛው ዓመት እንደ ጎዳው ግን ብቻውን አይናገርም። ይህን ለማወቅ የእንስሳውን ስብና ክሳት፥ አረማመዱን፥ የግልገሉን ሁኔታ በየቀኑ የሚያይ ዐይን ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው ዐይን አሁን በሥራ ላይ ይገኛል። የትሊቾ ዴኔ በ2005 በጸናው ስምምነት የራሳቸውን መንግሥት ካቋቋሙ በኋላ፥ በባተርስት መንጋ ላይ የሚደረገውን አደን በመጀመሪያ ለመወሰን፥ ከ2015 ጀምሮም ፈጽሞ ለመተው ከግዛቱ መንግሥት ጋራ ተስማሙ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ሽማግሌዎችና አዳኞች፥ ከእነርሱም ጋራ ተመራማሪዎች፥ በበጋው በኮንትዎይቶ ሐይቅ ዙሪያ ሰፍረው መንጋውን በእግር ይከታተላሉ። ጠመንጃ ሳይተኵሱ እንደ አዳኝ ይመለከታሉ፤ ስለ እንስሳው አካል፥ ስለ ተኩላው፥ ስለ ሣሩ፥ ስለ ነፋሱ፥ ከማዕድን ማውጫው ስለሚነሣው አቧራ ያዩትን ይመዘግባሉ። የሳተላይቱ መሣሪያ መንጋው የት እንዳለ ይነግራቸዋል፤ እነርሱም መንጋው እንዴት እንዳለ ይናገራሉ። በኬልሶል ሠንጠረዥ ውስጥ የገዳይነት ቍጥር ብቻ የነበሩት ሰዎች የልጅ ልጆቻቸው የምርምሩ ባለቤቶች ሆነዋል።

ከዚህ አንጻር ሲመዘኑ የሦስቱ መጻሕፍት ዋጋና ጉድለት ይገለጣል። ኬልሶል እንስሳውን በቅርብ አይቶ ሰዎቹን ከሩቅ አየ፤ ኩልቺስኪና ቴስተር፥ ሳንድሎስም ሰዎቹን በቅርብ አይተው እንስሳውን ከሩቅ አዩ። የፊተኛው ስሕተት ወደ ግዞት አድርሷል፤ የኋለኛው ጉድለት ያን ያህል በደል አላደረሰም፥ ነገር ግን መንጋ በእርግጥ በሚያልቅበት ጊዜ አንባቢን ማስጠንቀቂያ እንዳይሰማ ሊያደርገው ይችላል። የባህል ጥናት ተማሪ ሦስቱንም ማንበብ ይገባዋል፤ ኬልሶልን በማስቀደም፥ ሁለቱንም በማስከተል። ሲያነብም በእያንዳንዱ ቍጥር አጠገብ ማን እንደ ቈጠረ፥ ከየት ቆሞ እንደ ቈጠረ፥ ማንን እንደ ጠየቀ ይመርምር፤ በእያንዳንዱም የተበዳይ ቃል አጠገብ ያን ጊዜ መንጋው በየትኛው ሜዳ ላይ እንደ ነበረ ይጠይቅ።

ለባተርስት መንጋ ጊዜው አጭር ነው። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከመቶው ዘጠና ስምንት የሚበልጠው የጠፋ መንጋ ይመለስ ወይም አይመለስ እንደ ሆነ የሚታወቀው ወደ ፊት በሚደረጉት ቈጠራዎች ነው። ካሪቡን ሳያድን ያደገ የትሊቾ ልጅ የመሻገሪያዎቹን ስም፥ የሥጋውን አከፋፈልና የእንስሳውን ክብር ከማን እንደሚማር ግን ከአሁኑ ማሰብ ይገባል፤ ይህን የሚመዘግብ ቈጣሪ በአይሮፕላን ላይ አይገኝምና።